ከኦንላይን ክፍል የተማራችሁት የእንግሊዝኛ ቃል ስትናገሩ እንዳይጠፋባችሁ፦ ደረጃ በደረጃ

ክፍሉ ሲያልቅ ደብተሩ ሞልቷል። 30፣ 40 ቃል ከነትርጉሙ። በሳምንቱ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያናግረን ግን ከእነዚያ ቃላት አንዱም ትዝ አይለንም። ይሄኔ አንዱ «የኔ ጭንቅላት ቃል አይዝም» ይላል። ሌላው መምህር ይቀይራል። ሌላዋ አዲስ ኮርስ ትመዘገባለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን በሁለት ክፍሎች መካከል ባሉት ቀናት ነው። ክፍሉ ከቃሉ ጋር ያስተዋውቃችኋል። የመያዙ ሥራ የእናንተ ነው።

መመሪያው በዙም፣ በጉግል ሚት ወይም በቴሌግራም ለሚማሩና ቀላል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መሥራት ለሚችሉ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የእንግሊዝኛ ቃላቱን በእኛ ፊደል የጻፍኳቸው ለማንበብ እንዲቀል ነው። እናንተ ደብተራችሁ ላይ እንዲህ እንዳታደርጉ። ምክንያቱ ደረጃ 5 ላይ አለ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

ያለፉትን ሦስት ክፍሎች ደብተር አውጡ። የእንግሊዝኛውን ረድፍ በወረቀት ሸፍኑና አማርኛውን ብቻ እያያችሁ እንግሊዝኛውን ጮክ ብላችሁ በሉ። ስንቱን እንዳገኛችሁ ጻፉ። ቀጥሎ አማርኛውን ሸፍኑና ትርጉሙን በሉ።

በሁለተኛው ብዙ፣ በመጀመሪያው ጥቂት ካገኛችሁ ቃላቱን «ሳያቸው አውቃቸዋለሁ» በሚለው ደረጃ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ለማንበብ ይረዳል፣ ለመናገር አይበቃም። ደብተር ደጋግሞ ማንበብ የሚያለማምደው ይህንኑ ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ታወቀ የሚቆጠረው ከአማርኛው ተነስታችሁ ያመጣችሁት ቃል ብቻ ይሁን።

የሚያስፈልጋችሁ

ማይክ ያለው ኢርፎን፣ አንድ ደብተር፣ ለቃል ማጥኛ ካርድ የሚሆን የተቆራረጠ ወፍራም ወረቀት ወይም የካርድ መተግበሪያ፣ እና ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ድረ ገጾች በነፃ ይሠራሉ። የእንግሊዙንም የአሜሪካውንም አነጋገር ያሰማሉ፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገርም ይሰጣሉ። የትርጉም መተግበሪያ ብቻ ይዞ መጀመር ግን አይበቃም። አንድ ቃል ስትሰጡት ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ይመልስላችኋል፣ አጠቃቀሙን ግን በደንብ አያሳያችሁም።

ደረጃ 1፦ ከክፍሉ አንድ ቀን በፊት

1. መምህሩን ቃላቱን ቀድመው እንዲልኩ ጠይቁ። «መምህር፣ የነገውን ቃላት ዛሬ ማታ ግሩፑ ላይ ቢለቁልን» ማለት ይበቃል። ካልላኩ ርዕሱን ብቻ ጠይቁና በርዕሱ ላይ የምታውቋቸውን ቃላት ጽፋችሁ ጠብቁ።

2. ዝርዝሩ ሲደርሳችሁ ምልክት አድርጉ። ጨርሶ የማታውቁትን ክበቡት። ስታዩት የምታውቁትን ግን የማትጠቀሙበትን ከሥሩ አስምሩበት። ደህና አድርጋችሁ የምትጠቀሙበትን ሰርዙት።

3. የክብና የመስመር ቃላቱን ድምፅ ከመዝገበ ቃላቱ አንድ አንድ ጊዜ ስሙ። ትርጉም ገና አትሸምድዱ። ጆሯችሁ ድምፁን አንዴ ከሰማው መምህሩ ሲናገሩት አያልፋችሁም።

4. ስልኩን ቻርጅ አድርጉ። መብራት ከጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና የተወሰነ የሞባይል ዳታ በእጃችሁ ይኑር። የተቀረጹ ትምህርቶች ካሉ በሌሊት ጥቅል አውርዱ።

5. ሰዓቱን አረጋግጡ። መምህሩ ውጭ አገር ካሉ «8 ሰዓት» ሲሉ የእኛን ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ሪያድና ኩዌት ያላችሁ ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታችሁ እኩል ነው፤ ዱባይ ያላችሁ አንድ ሰዓት ትቀድማላችሁ።

ደረጃ 2፦ ክፍሉ ውስጥ

ስላይድ አትገልብጡ። እጅ ሲገለብጥ ጆሮ ይዘጋል። ስክሪንሾት አንሱና ተገላገሉ። ደብተር ላይ የሚገባው መምህሩ በቃል የሚጨምሩት ነገር ነው፤ ምሳሌው፣ «እንዲህ አይባልም» የሚሉት፣ ቃሉ አብሮት የሚሄደው ቃል።

ለእያንዳንዱ አዲስ ቃል አንድ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ቻቱ ላይ ጻፉ። 50 ሰው ባለበት ክፍል የመናገር ተራ ላይደርሳችሁ ይችላል፤ ቻቱ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ተሳስቼ ይስቁብኛል ካላችሁ ለመምህሩ ብቻ ላኩት።

ጥያቄያችሁንም ቀይሩ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ለማለት መዝገበ ቃላት አለ። መምህር የሚጠየቀው «ይህ ቃል ከየትኛው ቃል ጋር ይሄዳል?» እና «ለአለቃዬ ብለው ነውር ነው?» ተብሎ ነው።

ተጠንቀቁ፦ በነፃ የዙም አካውንት የሚሰጥ የቡድን ክፍል 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹ ቃላት እየተጣደፉ ያልፋሉ። ቻቱም ስትወጡ ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ 35ኛው ደቂቃ ላይ ቻቱን ሴቭ አድርጉ ወይም ስክሪንሾት አንሱ።

መስመሩ ከተቆራረጠ፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ካሜራ አጥፉ። ካልተሻለ ዙም ላይ «ስቶፕ ኢንካሚንግ ቪዲዮ» የሚለውን ንኩ። የሰዎቹ ምስል ይጠፋል፣ ስላይዱና ድምፁ ይቀጥላል። ጨርሶ ከወጣችሁ ያመለጣችሁን ክፍሉ ላይ እየጠየቃችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ ሰዓቱን ጽፋችሁ በኋላ ከቀረጻው ፈልጉት።

ደረጃ 3፦ ክፍሉ ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ 8 ቃል ምረጡ

ከ40ው 8 ብቻ። የሚከብደው ይሄ ነው፤ ሰው የከፈለበትን ቃል መጣል አይወድም። ግን በሳምንት ሦስት ክፍል ካላችሁ 8 ቃል በሳምንት 24 ነው፤ በዓመት ከ1,000 ያልፋል። አፋችሁ ላይ የሚመጡ 1,000 ቃላት ደብተር ላይ ከተኙ 5,000 ይሻላሉ።

አመራረጡ እንዲህ ነው።

1. ከመስመር ቃላት ጀምሩ። ግማሽ መንገድ የመጡ ናቸው፤ ቶሎ ይያዛሉ።

2. «በዚህ ሳምንት የምለው ቦታ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ለምትሠራ እህት «ስቴን» (የልብስ ላይ እድፍ) እና «ሊክ» (ማፍሰስ፣ ማንጠባጠብ) ነገ ጠዋት ያስፈልጓታል። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ «አቬይለብል» (ያልተያዘ፣ የሚገኝ) እና «ሪሲት» (ደረሰኝ) ይፈልጋል። የፍልስፍና ቃላት ይቆዩ።

3. የቃሉን ደረጃ እዩ። የተማሪ መዝገበ ቃላት ከቃሉ አጠገብ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛው) ምልክት ያደርጋሉ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ከቢ1 በላይ ያለውን እለፉ። ሙሉ ዝርዝር ለሚፈልግ «ኒው ጀነራል ሰርቪስ ሊስት» የሚባል በነፃ የሚገኝ ዝርዝር አለ። ወደ 2,800 የሚጠጉ ቃላት ይዟል፤ በተለመደ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ቃላት ከ90 በመቶ በላዩን ይሸፍናሉ።

እግረ መንገዴን፦ «በቀን 50 ቃል» የሚለጥፉትን የቴሌግራም ቻናሎች ሚውት አድርጉ። ስታነቧቸው የተማራችሁ ይመስላችኋል። ማታ አንዱን በሉ ብትባሉ ግን የላችሁም።

ደረጃ 4፦ ካርዱን ሥሩ

አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። በአንድ በኩል «ዲሲዥን»፣ በሌላ በኩል «ውሳኔ» ብሎ ይጽፋል። ካርዱን በደንብ ይይዛል። ሲናገር ግን እኛ ውሳኔ «እንሰጣለን» እና «ጊቭ ኤ ዲሲዥን» ብሎ ቁጭ ይላል። በእንግሊዝኛ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ነው። ህልምም እኛ እናያለን፤ እነሱ «አይ ሃድ ኤ ድሪም» ይላሉ። ቲቪ እንከፍታለን፣ እንዘጋለን፤ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ብትሉ ግን ፈረንጁ ሊፈታው ያሰባችሁ ይመስለዋል። «ተርን ኦን»፣ «ተርን ኦፍ» ነው። ስለዚህ ቃል ብቻውን ካርድ ላይ አይገባም።

1. በፊት ለፊቱ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከራሳችሁ ኑሮ ይሁን። ለምሳሌ፦ «መብራት ስለጠፋ ክፍሉ አመለጠኝ።»

2. በጀርባው እንግሊዝኛውን ጻፉ፦ «አይ ሚስድ ዘ ክላስ ቢኮዝ ዘ ፓወር ዌንት አውት»። የምትማሩትን ክፍል አስምሩበት። እዚህ ላይ «ዌንት አውት» ነው።

3. ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን፤ ከ10 ቃል አይለፍ። በአንድ ካርድ አንድ አዲስ ነገር ብቻ።

4. ሳታረጋግጡ አታስገቡ። ስህተት ያለበትን ዓረፍተ ነገር 20 ጊዜ ከደጋገማችሁት ስህተቱን ነው የምትይዙት። ቀላሉ መንገድ የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌ ወስዶ ሰውየውንና ቦታውን ብቻ መቀየር ነው። አለበለዚያ ስምንቱንም በአንድ መልእክት ለመምህሩ ልካችሁ አሳርሙ።

አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ሲኖረው ሁኔታው ይለያያቸው። «ሰማ» የሚለውን ውሰዱ። «ሌሊት ጅብ ሲጮህ ሰማሁ» ለ«ሂር» ካርድ ይሆናል። «ሬዲዮ እየሰማሁ ነው» ለ«ሊስን»። «አየ»ም እንዲሁ ሦስት ካርድ ይወጣዋል፦ «ሲ»፣ «ሉክ» እና «ዎች»።

ሌላው ወጥመድ አማርኛ ውስጥ ያሉ ፈረንጅ የሚመስሉ ቃላት ናቸው። ውጭ አገር ሱቅ ገብታችሁ «ሃይላንድ» ብትሉ የታሸገ ውኃ አይሰጧችሁም። ላጲስ፣ ስክሪፕቶ፣ ፍሬን፣ ፌስታልም እንግሊዝኛ አይደሉም። ለእነዚህ ለየብቻ ካርድ አውጡ፤ «አውቀዋለሁ» ብላችሁ የምታልፏቸው እነሱ ናቸውና።

ደረጃ 5፦ ድምፁን ከጽሕፈቱ ለዩ

በእኛ ፊደል ያነበብነውን እንላለን። በእንግሊዝኛ እንዲህ አይሠራም። ቢላዋ መጀመሪያው ላይ «ኬ» ተጽፎ «ናይፍ» ይባላል። ደሴት መሃሉ ላይ «ኤስ» አለው፣ ሲነገር ግን የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ነገር ትይዛላችሁ፤ ድምፁንና አጻጻፉን፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል መጻፍ የሚጎዳውም እዚህ ነው። መርከቡንም በጉንም «ሺፕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። «መኖር» እና «ትቶ መሄድ» ሁለቱም «ሊቭ» ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ድምፅ አለው። ደብተራችሁ ላይ አንድ ካደረጋችኋቸው ጆሯችሁም አንድ ያደርጋቸዋል።

1. ጽሑፉን ሳታዩ የመዝገበ ቃላቱን ድምፅ ሦስት ጊዜ ስሙ።

2. ተከትላችሁ በሉ። ከዚያ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ድምፃችሁን ቅዱና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አከታትላችሁ ስሙ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ቆይቶ ይለመዳል።

3. ረጅም ቃል ከሆነ ጠንከር ተደርጎ የሚነገረውን ክፍል ፈልጉ። እኛ ሁሉንም ክፍል እኩል ስለምንል ሰሚው ይቸገራል። «ዲቬለፕ» ላይ ጉልበቱ መሃሉ ላይ ነው። ካርዱ ላይ በዚያ ክፍል አናት መስመር አድርጉ።

4. በመጨረሻ አጻጻፉን በእጃችሁ ሁለት ጊዜ ጻፉ።

እኛን የሚያስቸግሩን ድምፆች የታወቁ ናቸው። «ፒ» ወደ «ቢ» እንዳይሄድባችሁ ቀጭን ወረቀት አፋችሁ ፊት ያዙና «ፓርክ» በሉ። ወረቀቱ መንቀሳቀስ አለበት። «ባርክ» ስትሉ እምብዛም አይንቀሳቀስም። «ቲኤች» ላይ የምላስ ጫፍ በላይና በታች ጥርስ መካከል ትንሽ ይውጣና አየር ይለፍ። ካልወጣ ማሰብ መስጠም ይሆንባችኋል፤ ሁለቱም «ሲንክ» ይሆናሉና። «ስትሪት» ዓይነት ቃል ላይ ደግሞ ተነባቢዎቹ መካከል አናባቢ አታስገቡ። መጀመሪያ «ትሪት»ን አጥብቁ፣ ከዚያ «ስ»ን ከፊት ጨምሩ።

ተጠንቀቁ፦ በተቆራረጠ መስመር ድምፅ አትማሩ። መስመር ሲደክም «ኤስ»፣ «ኤፍ» እና «ቲኤች» ይመሳሰላሉ። መምህሩ በትክክል ተናግረው እናንተ ግን ሌላ ትሰማላችሁ። ከክፍል በኋላ ሁልጊዜ በመዝገበ ቃላቱ አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ድግግሞሹን በቀን ክፈሉት

በአንድ ማታ አንድ ሰዓት ከመሸምደድ በተለያየ ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ይበልጣል። መርሐ ግብሩ፦ ክፍሉ ባለቀበት ማታ፣ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው፣ በ16ኛው፣ በወሩ።

ሕጉ አንድ ነው። ካርዱን ከመገልበጣችሁ በፊት መልሱን በድምፅ በሉ። በልብ «አውቀዋለሁ» ማለት አይቆጠርም። በ5 ሰከንድ ካልመጣ ወድቋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

በወረቀት ከሆነ ስድስት ፖስታ አዘጋጁና ቀኑን ጻፉባቸው። ያለፈው ካርድ ወደ ቀጣዩ ፖስታ ይሻገራል፣ የወደቀው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

በስልክ ከሆነ «አንኪ» የሚባል የካርድ መተግበሪያ አለ። አንድሮይድ ላይ «አንኪድሮይድ» በሚል ስም በነፃ ይገኛል፣ ኮምፒውተር ላይም ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ግን ይከፈልበታል። ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል። ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲሰጥ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ወደ 5 አውርዱት። ሁለተኛ፣ መልሱን ካያችሁ በኋላ ከሚመጡት ቁልፎች፣ ቃሉ ከጠፋባችሁ «አጌን»ን (እንደገና) ንኩ። «ሃርድ» ማለት ከብዶኝም ቢሆን አምጥቼዋለሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው ረስቶ «ሃርድ» ይነካና ካርዱ ሳይታወቅ ይርቅበታል።

ሌላ መተግበሪያ አልፈልግም ካላችሁ ቴሌግራም ይበቃል። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ያዙ፣ «ሴት ኤ ሪማይንደር» በሉና ቀኑን ምረጡ። በቀኑ ራሱ ይመጣላችኋል።

ደረጃ 7፦ ለሰው አውሩበት

ከክፍሉ አንድ ጓደኛ ያዙ። በየማታው የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ተላላኩ፣ ከሳምንቱ ቃላት አራቱ ይኑሩበት። ጽፋችሁ አታንብቡ። ቆም ብላችሁ ብትፈልጉት፣ «ኧ…» ብትሉ ምንም አይደለም፤ ቃሉ የሚለመደው እየተፈለገ ነው። ጓደኛው የሚያርመው አንድ ስህተት ብቻ ይሁን። አምስት ከታረመ ነገ ማንም አይልክም።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ካርድ ላይ ይመጣል፣ ንግግር ላይ ይጠፋል። ካርዱን በቅደም ተከተሉ ለምዳችሁታል። በውዙት። ከዚያ የዓረፍተ ነገሩን ሰውና ጊዜ እየቀየራችሁ በሉ፦ እኔ ትናንት፣ እሷ ነገ፣ እነሱ በየቀኑ።

ሁለት ቃላት ይምታቱብኛል። «ቦሮው» እና «ሌንድ» የተለመዱ ናቸው፤ የእኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ከአንድ ሥር ስለሆኑ አንድ ቃል ይመስሉናል። ሁለቱን አብራችሁ አታጥኑ። አንዱን አውጡና አስቀምጡ፣ የቀረው ሲጠና በሁለት ሳምንት መልሱት። መምህሩ ተቃራኒ ቃላትን በጥንድ ከሰጧችሁም ካርድ ስትሠሩ አለያዩዋቸው።

አንድ ካርድ ደጋግሞ ይወድቃል። ስድስት ሰባት ጊዜ ከወደቀ ዓረፍተ ነገሩ መጥፎ ነው። ቅደዱትና በሌላ ሁኔታ አዲስ ሥሩ። ያኔም እምቢ ካለ ቃሉን ተዉት፤ ካስፈለገ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

ሳምንት ሙሉ ተቋረጥኩ። ሥራ ይበዛል፣ ለቅሶ ይኖራል፣ ፆምና በዓል ይመጣል። ስትመለሱ አዲስ ቃል ዜሮ አድርጉ። የተጠራቀመውን በቀን 30 ካርድ ብቻ እያላችሁ ጨርሱ። በአንድ ቀን ሁሉንም ልጨርስ ያለ ሰው በማግስቱ አይመለስም።

ክፍል አመለጠኝ። የአንድ ሰዓቱን ቀረጻ ሙሉ አትዩ። ዝርዝሩን ከጓደኛ ተቀበሉ፣ 8ቱን ምረጡ፣ ቀረጻው ላይ እነሱ የተነሱበትን ቦታ ብቻ ስሙ።

ሁሉንም አድርጌ ወር አለፈ፣ ለውጥ የለም። እንግዲህ ክፍሉን መርምሩ። መምህሩ ሰዓቱን በሙሉ በአማርኛ ያብራራሉ? ያለፈ ሳምንት ቃል ተመልሶ ይነሳል? የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር የሚያርም ሰው አለ? ለሦስቱም መልሱ መጥፎ ከሆነ ለቀጣዩ ወር አትክፈሉ። ሌላ ክፍል ከመመዝገባችሁ በፊት የአንድ ቀን ሙከራ ጠይቁና ገብታችሁ አንድ ነገር ብቻ መዝግቡ፤ ከሰዓቱ ውስጥ እናንተ ስንት ደቂቃ እንዳወራችሁ።